ክርክር፦ የሐረማያን ውሃ ማን ይጠብቅ?

አወያይ፦ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ሐረር በጄሪካን ተሰልፋ ከረመች። አሁን ውሃው መመለስ ጀምሯል። ጥበቃውን በዙሪያው ያለው ገበሬ ይምራውና መንግሥት ይደግፍ? ወይስ መንግሥት ብቻውን ይያዘው?

የጀጎል ልጅ፦ አቦ፣ ሐይቁን በሞተር መጦ ጫት ያጠጣው ማን ሆነና ነው? ሥጋ ለጅብ አደራ!

የአወዳይ ልጅ፦ የጅብ ተረት ለሐረር ሰው? እናንተ ጋ ጅብ ከሰው እጅ ይጎርስ የለም እንዴ? ለምዶ፣ ተራውን ጠብቆ። ደግሞ ሐረርም ለአሥርት ዓመታት ከዚያው ሐይቅ በቧንቧ ጠጥታለች። ከተራራው የታጠበው ደለልም አለ። ሁሉም ቀዳ፤ ከልካይ ግን አልነበረም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ከልካይ ያላችሁት ነገር ነው ዋናው። በኒውዚላንድ የዋንጋኑዪ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕግ ሰውነት ተሰጠው፤ እንደ ሰው መብት አለው ማለት ነው። ስለ ወንዙ የሚናገሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱን የአገሩ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎቹ፣ ሌላውን መንግሥት ይመርጣል። እኛም አገር የ2010ሩ የደን አዋጅ ማኅበረሰብ የደን ባለቤት እንዲሆን ፈቅዷል። ለደን ከተቻለ ለሐይቅ ምን ከለከለን?

የጀጎል ልጅ፦ ጋሼ፣ ማኦሪዎቹ ወንዙን በሞተር አይቀዱም ነበራ!

የከዚራ ልጅ፦ ከድሬ ነኝ፤ ጣልቃ ልግባ። በ1998 ክረምት የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 ሰው በላይ በላብን። የላይኛው ተራራ መራቆቱ ጎርፉን አባብሶታል። እዚያ እርከን የሚሠራው ገበሬው ነው፤ የሚተርፈው ግን እኛ ታች ያለነው። ሐረርም ብትሆን አሁን ከእኛ አካባቢ፣ ከድሬ ጃራ፣ ውሃ እየተገፋላት ነው። መብራት ከጠፋ ፓምፑም ይቆማል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ቀበሌ አይደለም።

የአወዳይ ልጅ፦ እሺ፣ ቁም ነገር እናውራ። በበጋ ጫት ሲወደድ ጎረቤቴን «ሞተር አጥፋ» ብለው ይስቅብኛል። ዘበኛ ቢላክም ማታ ይነሳል። የሀገር ሽማግሌ ቢቆጣው ግን ለቅሶ ላይም ሠርግ ላይም ያፍራል። ለሽማግሌዎቹ ቅጣት የመጣል ሥልጣን ይሰጣቸው፤ መንግሥት ማኅተሙን ያኑርበት። ኮሚቴ ብቻ ካቋቋማችሁ አበል በልቶ ይበተናል።

ጡረተኛው መምህር፦ የጫቱስ ገቢ? ሞተሩን ላጠፋው ሰው ማን ይክፈለው?

የጀጎል ልጅ፦ እውነት ነው፣ እሱን አላሰብኩትም። ከውሃ ሂሳቤ ላይ በወር ሁለት ብር ቢቆረጥ አይከፋኝም።

የአወዳይ ልጅ፦ ሁለት ብር? ከረሜላም አይገዛ፣ አቦ!