የጂም ክኖፍን ፊልም በምን ልመዝነው? መጽሐፉን የምታውቁ ንገሩኝ

ጠያቂ፦ እናት፣ ከፍራንክፈርት

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ነው። መምህርታቸው ትምህርት ከማብቃቱ በፊት በሚካኤል ኤንዴ የተጻፈውን «ጂም ክኖፍና የባቡር ነጂው ሉካስ» የተባለውን መጽሐፍ ታነብላቸዋለች። ልጄ በጣም ወዶታል። ማታ ሲተኛ እንኳ ኤማ ስለምትባለው ባቡር ነው የሚያወራው። አሁን መጽሐፉ ሊያልቅ ስለሆነ በ2018 የወጣውን ፊልም በክፍል ሊያሳዩአቸው ነው፤ የፈቃድ ወረቀት ተልኮልኛል።

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ይህን ታሪክ አላውቀውም። ጀርመናዊቷ ጎረቤቴ «መጽሐፉ ልጅነቴ ነው፤ ፊልሙ ግን አበላሽቶታል» አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል አለበት ብላ አስጠነቀቀችኝ። በክፍሉ ያለው ጥቁር ልጅ የእኔ ብቻ ነው፤ ጓደኞቹም «ጂም» እያሉ ይጠሩት ጀምረዋል። እሱ ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። እኔ ግን ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅሁም።

ጥያቄዬ ፊልሙ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል ብቻ አይደለም። አንድ እናት እንዲህ ያለውን ፊልም ስታይ ምኑን ነው ማየት ያለባት?

መልስ፦ አባት፣ ከኑረምበርግ

እህቴ፣ ከሁለቱ ሴት ልጆቼ ጋር አይተነዋል። የሚያምር ፊልም ነው፤ ሁለቱም ወደውታል። ትንሿ የዘንዶዎቹ ከተማ ላይ ስትደርስ ፈርታ ጉልበቴ ላይ ወጣች፤ ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ ግን የሚያሰጋ አይመስለኝም። ፈቃዱን ፈርሚለት።

መልስ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ከሽቱትጋርት

እህቴ፣ ይህን መጽሐፍ በሥራዬ ምክንያት ለብዙ ሕፃናት አንብቤዋለሁ፤ ፊልሙንም ከእነሱ ጋር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ።

በመጀመሪያ የጎረቤትሽን ነገር እናንሳ። በእሷ ዕድሜ ያሉ ጀርመናውያን ጂምን መጀመሪያ ያወቁት በቴሌቪዥን ነው። የአውግስቡርግ የአሻንጉሊት ቲያትር ታሪኩን በ1961 በጥቁርና ነጭ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ በቀለም ሠርቶታል። ባሕሩ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ነበር፤ ጂም በክር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነበር። እነዚያን አሻንጉሊቶች የሚወድ ሰው በባቤልስበርግ ስቱዲዮ በብዙ ሚሊዮን ዩሮ የተሠራውን ፊልም ሲያይ የራሱን ሳሎንና የራሱን እናት ይናፍቃል። ናፍቆቷን አከብራለሁ። ለልጅሽ ግን መመዘኛ ሊሆን አይችልም፤ ልጅሽ የሚያነጻጽረው መምህርቱ ካነበበችለት ጋር ነው።

የባልደረባሽ ማስጠንቀቂያ ግን እውነት ነው። ሉመርላንድ በምትባል እጅግ ትንሽ ደሴት ላይ በስህተት የመጣ ጥቅል ይደርሳል። ሲከፈት ውስጡ ጥቁር ሕፃን አለ። በዚያ ቅጽበት አቶ ኤርመል የተባለው ሰውዬ ዛሬ ማንም ጨዋ ሰው በአፉ የማያነሳውን ቃል ይናገራል። መጽሐፉ እዚህ በሽቱትጋርት ቲነማን በተባለው አሳታሚ በ1960 ሲታተም ቃሉ እዚያው ነበር፤ ለአሥርት ዓመታትም ቆይቷል። አሳታሚው በ2024 ባወጣው አዲስ እትም ቃሉን አውጥቶታል፤ የጂምን ከንፈር አጋንነው የሚያሳዩትን ሥዕሎችም አስተካክሏል። በፊልሙ ውስጥ ቃሉ የለም። ስለዚህ የፈቃዱን ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት መምህርቷን የምትጠይቂው አንድ ነገር አለ፦ የምታነብላቸው ከየትኛው እትም ነው? ከአሮጌው ከሆነ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ምን አደረገች? ይህን ለማወቅ ሙሉ መብት አለሽ።

ቢሆንም መጽሐፉን በዚያ ቃል ብቻ ብትተዪው ልጅሽ ብዙ ይቀርበታል። ኤንዴ የተወለደው በ1929 ነው፤ የተማረው በናዚዎች ዘመን ነው። አባቱ ሠዓሊ ነበሩ፤ አገዛዙ ሥራቸውን ከልክሏቸዋል። «ንጹሕ ዘር» የሚባለውን ትምህርት በክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰማ ልጅ ነው። ካደገ በኋላ በጻፈው በዚህ ታሪክ ውስጥ የዘንዶዎቹ ከተማ በር ላይ ንጹሕ ዘር የሌለው ዘንዶ እንዳይገባ፣ ቢገባ በሞት እንደሚቀጣ የሚናገር ማስጠንቀቂያ አለ። እናቱ ጉማሬ የሆነችው ትንሹ ዘንዶ ኔፖሙክ በዚህ ምክንያት ከከተማዋ ውጭ እሳተ ገሞራ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ከተማዋ ውስጥ ደግሞ ወይዘሮ ማልጻን የምትባለው ዘንዶ ከየአገሩ የተሰረቁ ልጆችን ከመቀመጫቸው ጋር በሰንሰለት አስራ እየጮኸች ታስተምራለች። ጂምም በጥቅሉ የተላከው ለእሷ ነበር። ጀርመናዊቷ ጋዜጠኛ ዩሊያ ፎስ በ2009 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህ ሁሉ ለናዚ ትምህርት የተሰጠ መልስ መሆኑን አሳይታለች። እኔ በእሷ እስማማለሁ። ደራሲው ከጂም ጎን ነው የቆመው፤ የተጠቀመበት ቃል ግን ልጆችን ያቆስላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

አሁን ወደ ፊልሙ። እኔ ከመጽሐፍ የተሠራን የልጆች ፊልም የምመዝነው ስንት ትዕይንት ቆረጠ ብዬ አይደለም። መጽሐፉን ያቆመው ነገር አለ ወይስ የለም ብዬ ነው። ይህን መጽሐፍ ያቆመው የልጁ ጥያቄ ነው፦ ከየት መጣሁ? እዚህስ ቦታ አለኝ? ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ጂም ሲያድግ ንጉሡ ቦታ ስለጠበበ ኤማ መሄድ አለባት ይላሉ። ሉካስ ባቡሩን ከሚጥል ደሴቲቱን ለቆ መሄድን ይመርጣል፤ ጂምም አብሮት ይሄዳል። በአስተውሎት የሚሰማ ልጅ ጂም «ትርፍ የሆንኩት እኔ ነኝ» ብሎ እንዳሰበ ይገባዋል። የፊልሙ ዳይሬክተር ዴኒስ ጋንዘል ይህን አላለፈውም። ጂምን የሚጫወተው ሶሎሞን ጎርደንም ሐዘኑን አያጋንነውም፤ ረጋ ብሎ ነው የሚያሳየው። ማንም እንዲያዝንለት አይለምንም፤ ማንንም ለማሳቅ አይቅለበለብም። ጥቁር ልጅ በአውሮፓ የቤተሰብ ፊልም ውስጥ እንዲህ በክብር መሐል ላይ ተቀምጦ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሉካስ የሆነው ሄኒንግ ባውም ግዙፍ ሰው ነው፤ ልጁን የሚያነጋግረው ግን እንደ ባልደረባው ነው። ይህ ከመጽሐፉ በቀጥታ የመጣ ነው።

ከሁሉ በላይ እንድታዪው የምፈልገው አቶ ቱር ቱርን ነው። ጂምና ሉካስ በረሃ ውስጥ ሳሉ ከአድማስ ላይ ጭንቅላቱ ሰማይ የሚደርስ ግዙፍ ሰው ያያሉ። ጂም መሸሽ ይፈልጋል። ሉካስ ግን ሰውዬው ክፉ እንደማይመስል ነግሮት እንዲጠጋ ይጠብቁታል። እየቀረበ ሲመጣ እያነሰ ይሄዳል፤ አጠገባቸው ሲደርስ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ሆኖ ይገኛል። ሌላው ሰው ሲርቅ ያንሳል፤ እሱ ሲርቅ ይገዝፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሰዎች ከሩቅ እያዩ ስለሚፈሩት ማንንም ላለማስፈራት ብሎ ሰው በሌለበት በረሃ ተሸሽጎ ይኖራል።

እህቴ፣ ይህን ለነጭ ልጆች ሳነብ ይስቃሉ፤ ይደነቃሉ። ለእኛ ልጆች ሳነብ ግን ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ልጅሽ ዛሬ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁሉም ጉንጩን መንካት ይፈልጋል። ቁመቱ ሲረዝም ግን ማታ በባቡር ጣቢያ ከሩቅ አይተውት መንገድ የሚቀይሩ ሰዎች ያጋጥሙታል። ወንድሜ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ለዚያ ቀን ከአቶ ቱር ቱር የተሻለ የልጆች ታሪክ አላውቅም። ፊልሙ ውስጥ ሚላን ፔሼል ይጫወተዋል፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ብቸኝነት በጣም ነክቶኛል። የሚያሳዝነኝ ፍጥነቱ ነው። በመጽሐፉ የመጠበቁ ፍርሃት ገጾች ይወስዳል፤ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። በፊልሙ ግን ፍርሃቱ ሳይበስል ይቃለላል፤ ሙዚቃውም ዝምታ የሚያስፈልግበትን ቦታ ሁሉ ይሞላል። ይህ የፊልሙ ዋና ድክመት ነው፤ በዘንዶዎቹ ከተማ ላይ ይብሳል፤ ጩኸቱና ግርግሩ በዝቶ የበሩ ማስጠንቀቂያ ክብደቱን ያጣል።

ጂምና ሉካስ ከዘንዶዋ የሚያድኗት የልዕልት ሊ ሲ አገር በመጀመሪያው እትም ቻይና ነበር፤ በኋላ ማንዳላ ተባለ። ስሙ ቢቀየርም አለባበሱና ቤቱ የሰው አገር ባህል ለጌጥ የተወሰደ ነው፤ ፊልሙም አላስተካከለውም። ሌላም ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ በመጽሐፉ ጂም ማንበብ መማር አይፈልግም። ልጅሽ ይህን እንደ ጀግንነት እንዳይወስደው አነጋግሪው።

አንድ ነገር ግን መጽሐፉም ፊልሙም አሳምረውታል፤ ዘንዶዋ ወይዘሮ ማልጻን አትገደልም። ተሸንፋ ሳትገደል ስለቀረች ረጅም እንቅልፍ ትተኛለች፤ ስትነቃም የጥበብ ወርቃማ ዘንዶ ትሆናለች። ክፉውን በሰይፍ የማይጨርስ የልጆች ፊልም ብዙ አላየሁም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ፦ ፊልሙ ከመጽሐፉ ያነሰ ነው፤ ከአብዛኞቹ የቤተሰብ ፊልሞች ግን ይበልጣል። ይየው። ቢቻል አንቺም አስቀድመሽ እዪው።

መልስ፦ የባቡር ነጂ፣ ከሙኒክ

እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሥራዬ የሉካስ ሥራ ነው፤ እኔ ግን የምነዳው በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ነው። ልጆቼ ትንሽ በነበሩ ጊዜ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት አባታቸው ጀግና ነበር፤ ስለዚህ ኤንዴን እወደዋለሁ።

ከሽቱትጋርቷ እህቴ የምለየው አንድ ነገር ላይ ነው። ስለ ፊልሙ ብዙ ብላለች፤ «ጂም» የሚለውን ስም ግን አላነሳችም። የእኔም ትልቁ ልጅ በትምህርት ቤት ጂም ይባል ነበር። በመጀመሪያ ይወደው ነበር። አራተኛ ክፍል ሲደርስ በስሙ የሚጠራው ልጅ ጠፋ፤ አዲስ የመጡት ልጆች እውነተኛ ስሙ መስሏቸው ነበር። አንድ ቀን ቤት መጥቶ አለቀሰ። ልጆቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ ቆዳውን አይተው ስም ሰጡት፤ ጨዋታውም በዚያው ጸና።

ፊልሙን አብረው ካዩ በኋላ ይህ ስም ይበልጥ ይጣበቅበታል። ስለዚህ ፈቃዱን ስትፈርሚ መምህርቷን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ከፊልሙ በኋላ ልጆቹ ሚና ተከፋፍለው ሲጫወቱ ሁሉም በየተራ ጂም፣ ሁሉም በየተራ ሉካስ ይሁኑ። ልጅሽ ሉካስን ይሁን፤ ንጉሡንም ይሁን። ጂም የማንም ልጅ ሊሆን የሚችል ጀግና ነው እንጂ የጥቁር ልጅ ቅጽል ስም አይደለም።

መልስ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ከሽቱትጋርት

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልክ ነህ፤ እኔም በክፍሌ ይህንኑ ነው የማደርገው። በተለይ አቶ ቱር ቱርን ለመሆን ይሻማሉ፤ አንዱ ከግቢው ጥግ ወንበር ላይ ቆሞ ይጀምርና እየቀረበ ሲመጣ እያጎነበሰ ይሄዳል።

ጠያቂ፦ እናት፣ ከፍራንክፈርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ፊልሙን ብቻዬን አየሁት። ጥቅሉ ሲከፈት ልቤ መምታት አቁሞ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ከዚያ ግን የምታሳድገው ወይዘሮ ቫስ ሕፃኑን አቅፋ ስታየው ተረጋጋሁ። መምህርቷንም ደወልኩላት፤ የምታነበው ከአዲሱ እትም ነው። የሚናውን ነገር ስነግራት ደስ ብሏት ተቀበለች።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ልጄ «የጂም እናት የት ናት?» እያለ ይጠይቀኛል። ፊልሙ አይመልስለትም። ምን ልበለው?

መልስ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ከሽቱትጋርት

ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀሽ። መልሱ ያለው በሁለተኛው መጽሐፍ ነው፤ «ጂም ክኖፍና የዱር አሥራ ሦስቱ» ይባላል። ከእሱ የተሠራው ፊልም በ2020 ወጥቷል፤ ዳይሬክተሩም ጂምን የሚጫወተው ልጅም ያው ናቸው። እዚያ ጂም የዱር አሥራ ሦስቱ የሚባሉትን የባሕር ወንበዴዎች ተከትሎ ከየት እንደመጣ ይፈልጋል። ሲያገኘውም የካስፓር የመጨረሻ ዘር ሆኖ ይገኛል፤ ከሰብአ ሰገል የአንዱ ማለት ነው። የአያቶቹ አገር ጃምባላ ባሕር ውስጥ ሰጥማ ነበር፤ ስትነሳም ትንሿ ሉመርላንድ ከላይዋ ያለች የተራራ ጫፍ መሆኗ ይታወቃል። «እዚህ ቦታ አለኝ ወይ?» ብሎ ሲጨነቅ የኖረው ልጅ ለካ መጀመሪያውኑ በአባቶቹ ምድር ላይ ነበር የሚኖረው።

አሁን ግን አትንገሪው። ሰብአ ሰገልን ከገና ታሪክ ያውቃቸዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ሲደርስበት ራሱ ይገናኝለት። «ጂምም ያንን ነው የሚፈልገው፤ በሚቀጥለው መጽሐፍ አብረን እንፈልጋታለን» በዪው። መጽሐፉን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ተዋሺ፤ ይህንኛውን ግን ከፊልሙ በፊት አንቺው አንብቢለት። አንዳንዱን ምዕራፍ በአማርኛ እየተረክሽ ብታነቢለት ደግሞ የበለጠ ይወደዋል።