ጥቆማ፦ የቱን ሳህን ልግዛ ላላችሁ

"ጎጆ ልንወጣ ነው፤ የቱ ሳህን ይሻላል?" ለሚለው የኔ መልስ ይኸው። ለየሰው ፖርሴሊን፣ ለጋራ ማዕድ የስቴንለስ ትሪ። ሜላሚኑን እለፉት።

ሜላሚን የሚባለው ያ ቀለል ያለ፣ አበባ የታተመበት፣ "አይሰበርም" ተብሎ የሚሸጠው ነው። ሰው የሚወደው ስለማይሰበርና ስለሚረክስ ነው፤ ይገባኛል። ግን የኛን ምግብ አስቡት። ከእሳት የወረደ ወጥ፣ ኮምጣጣ እንጀራ፣ ቅባት። ሜላሚን ፎርማልዲሃይድ ከሚባል ጎጂ ኬሚካል ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ሙቀትና አሲድ ሲያገኘው ከውስጡ ወደ ምግብ የሚወጣው ይጨምራል። የጀርመን የምግብ ደኅንነት ተቋም ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለሞቀ ምግብና ለማይክሮዌቭ አይሆንም ይላል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2011 እ.ኤ.አ. ከቻይና በሚገቡት ላይ ቁጥጥሩን ያጠበቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላም አለ፦ እርድና በርበሬ ይዞ ይቀራል። ጥሬ ሥጋ በቢላ የሚቆረጥበት ቤት ከሆነማ ወዲያው ይጫጫራል። ለልጆች ዳቦና ሙዝ ማቅረቢያ ግን ችግር የለውም። ገዝታችሁት ከሆነ የፈላ ውኃ አፍሱበትና አሽትቱት። ኃይለኛ ሽታ ከሰጠ ለምግብ አታውሉት።

ፖርሴሊን ይሰበራል፤ እሱን ምን ይደረጋል። በተረፈ ሽታም ቀለምም አይዝም፣ ትኩስ ወጥ አይጎዳውም። መርካቶ ስትገዙ አንድ በአንድ በጣት ቆርቆር አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ አለው፣ መልሱት። ምግብ በሚነካው በኩል ወርቃማ ቀለም ወይም ጎላ ያለ ሥዕል ያለውን አልመክርም። ነጭ ግዙ። አንዱ ሲሰበር መተኪያ ማግኘትም ይቀላል።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ኮሬል የሚባለውን ሳህን አስመጡ። ሦስት ድርብ መስታወት ነው፣ ስስና ቀላል ስለሆነ ሻንጣ አያከብድም። አዲሱን ግን! አምራቹ ራሱ ከ2005 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩትን ባለ ሥዕል ሳህኖች ለጌጥ ብቻ አድርጓቸው ብሏል፤ ምክንያቱ ቀለማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። "የድሮው ነው የሚሻለው" የምትል አክስት በየቤቱ አለች፤ በዚህ ጉዳይ እንኳ አትስሟት።

ትሪ ላይ ስፋቱን አስቀድሙ። እንጀራው ታጥፎ የሚቀርብበት ትሪ ምን ያደርጋል? የምትጋግሩትን ወይም የምትገዙትን እንጀራ ለክታችሁ ሂዱ። ነጋዴው ማግኔት አምጥቶ "አየህ፣ አይስብም፣ ኦሪጅናል ነው" ቢላችሁ በዚያ ብቻ አትመኑ። ኒኬል (ዝገት ለመከላከል የሚረዳው ብረት) የተቀነሰበት ርካሹ ስቴንለስም ማግኔት ላይስብ ይችላል። 18/10 የሚል ማህተም ካለው 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ከታች ገልብጣችሁ ፈልጉት። በእጅ ሲጫኑት የሚንቀጠቀጥ ስስ ትሪ ወጥ ሲሞላበት ይጎብጣል።

አበባ ያለበት የእናሜል ትሪ ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ከተላጠ ግን ከሥሩ ይዝጋል፣ ስለዚህ ለቆሎና ለዳቦ ይሁን።

የሸክላ ዕቃ ቀጨኔ ሄዳችሁ ከሠሪዎቹ እጅ መግዛት ትችላላችሁ። ሽሮ እየተንተከተከ የሚቀርበው በሱ ነው። ሸክላ ቅቤ ስለሚመጥ የጾሙንና የፍስኩን ለዩ።

ለድግስ ደግሞ ሳህን አትግዙ። መጀመሪያ የዕድራችሁን ዕቃ ቤት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ከድንኳንና ከወንበር ጋር ሳህንም አላቸው። እዚያ ካልተገኘ ኪራይ ቤት ሂዱ። ስትረከቡ ጠርዙ የተሸረፈውን ለይታችሁ አስመዝግቡ። አለዚያ ስትመልሱ በናንተ ይቆጠራል፣ ከመያዣውም ይቆረጣል።