4,294,967,297 ፕራይም ነው ወይስ አይደለም?

ጀማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዚህን ቁጥር አካፋዮች ብዛትና ድምር እፈልጋለሁ። በ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ሞክሬዋለሁ፤ በሁሉም ቀሪ ይተዋል። በፌርማ ፈተናም (ቁጥሩ n ፕራይም ከሆነ፣ ቤዝ የሚባል ትንሽ ቁጥር n−1 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ለ n ሲካፈል 1 ይተርፋል) ቤዙን 2 አድርጌ ሳሰላው 1 ሰጠኝ፤ ስለዚህ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ይመስላል። በሲ የጻፍኩት ፕሮግራም ደግሞ ቁጥሩን 1 ብሎ ያትመዋል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ባለኮድ፦ ባለ 32 ቢት አንሳይንድ ኢንት (ኔጌቲቭ የማይዝ ሙሉ ቁጥር) ከ4,294,967,295 በላይ አይይዝም። ያንተ በ2 ስለሚበልጥ ከ0 እንደገና ጀምሮ 1 ላይ ያርፋል። አንሳይንድ ሎንግ ሎንግ (64 ቢት) አድርገው፣ ወይም በፓይተን ስራው።

ቀመር፦ ፕራይም አይደለም፤ 641 × 6,700,417 ነው።

ቁጥሩ 2^32 + 1 ነው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ 2^(2^k) + 1 የሆኑት ሁሉ ፕራይም መስለውት ነበር (ይህ k = 5 ላይ ያለው ነው)፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 በዚሁ ቁጥር አፈረሰው። በደፈናው ብትሄድ እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ እስከ 65,536 ያሉ 6,542 ፕራይሞችን መሞከር ይኖርብሃል። ግን አያስፈልግም። የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ ለ128 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል (ኦይለር 64 ላይ አድርሶት ነበር፣ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ ወደ 128 አሳደገው)። ስለዚህ እጩዎቹ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። 129 እና 513 በ3፣ 385 በ5 ስለሚካፈሉ ዝለላቸው። ለ257 ስታካፍል ቀሪው 2፣ ለ641 ደግሞ 0። ሁለት ማካፈል ብቻ!

ደብተር፦ ያለ ካልኩሌተርም ይረጋገጣል። 641 = 5 × 2^7 + 1 ስለሆነ በ641 ቀሪ (ለ641 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ስናይ) 5 × 2^7 ከ−1 እኩል ነው። አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5^4 × 2^28 = 1 ይሆናል። 641 = 5^4 + 2^4 ም ስለሆነ በ5^4 ቦታ −2^4 ተካ፤ −2^32 = 1 ይወጣል። ማለትም 2^32 + 1 ቀሪ የለውም።

የፌርማ ፈተናው ያታለለህ በቤዙ ነው። በዚህ ቁጥር 2^32 ቀሪው −1፣ 2^64 ደግሞ 1 ነው። n−1 ራሱ 2^32 ስለሆነና ለ64 ስለሚካፈል ውጤቱ ሁልጊዜ 1 ነው፤ ፕራይም ሆነም አልሆነም። ቤዙን 3 አድርገው።

ባለኮድ፦ ቤዝ 3ን በሲ ስትሰራ ተጠንቀቅ። ቀሪው እስከ 2^32 ሊደርስ ይችላል፤ በራሱ ሲባዛ 2^64 ይሆንና 64 ቢት በአንድ ያልፋል። ለብዜቱ 128 ቢት ተጠቀም።

ጀማሪ፦ 6,700,417 ራሱስ ፕራይም መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቀመር፦ ስኩዌር ሩቱ ወደ 2,588 ነው። የእሱ አካፋይ የዋናው ቁጥርም አካፋይ ስለሆነ በዚያው የ128 ሕግ እስከዚያ የሚቀሩት ፕራይሞች 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው (257 ቀድሞ ወድቋል)። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334፣ 622፤ ስለዚህ ፕራይም ነው። አካፋዮቹ አራት ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ቁጥሩ ራሱ። ድምራቸው 642 × 6,700,418 = 4,301,668,356።