ሁለት ሰንሰለት ላይ ለተቀመጠ ዊትነስ ድምፅ ይሰጣል?

ዘብ፦
ትናንት መንገደኛ የተባለው አባላችን እዚህ ሃይቭ ላይ የጻፈውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቃል በቃል ላስቀምጠው፦ «ሃይቭ ላይም ስቲም ላይም ዊትነስ ነኝ። አልደበቅኩም። ያልደበቀ ሰው ምንም አይጠየቅም።» ከሥሩ ላይክ በላይክ ሆኗል። ለአዲስ አንባቢ፦ ስቲምና ሃይቭ ጽሑፍ የሚለጠፍባቸው፣ ለጽሑፍም በቶክን (በዲጂታል ሳንቲም) የሚከፈልባቸው ብሎክቼኖች (ሰንሰለቶች) ናቸው። ዊትነስ በድምፅ ተመርጦ ብሎክ የሚያመርት ሰው ነው።

ሰው እንዲህ ቶሎ ይረሳል? እ.ኤ.አ. በ2020 ፌብሩዋሪ የትሮን ሰንሰለት መሥራች ጀስቲን ሰን ስቲምን የሠራውን ስቲሚት የተባለ ኩባንያ ገዛ። መሥራቾቹ ገና ሰው ሳይሰበሰብ ማይን ያደረጉት (ያመረቱት) ትልቅ ስቴክም (ድምፅ የሚመዘንበት የስቲም ክምችት) አብሮ ሄደ። ለልማት ብቻ ነው፣ ድምፅ አይሰጥበትም ተብሎ የኖረ ስቴክ ነበር። ዊትነሶቻችን ሰግተው በሶፍት ፎርክ (በሶፍትዌር ለውጥ) አገዱት። ማርች 2 ላይ የክሪፕቶ መገበያያ በሆኑት ባይናንስ፣ ሁዎቢና ፖሎኒየክስ ዘንድ የተቀመጠ የደንበኞች ስቲም ፓወር አፕ ተደርጎ (ድምፅ እንዲኖረው ተቆልፎ) ለሰን ወገን ድምፅ ሰጠ። ከላይ የነበሩት 20 ዊትነሶች ተጠርገው ወጡ። ማንም የማያውቃቸው አዳዲስ አካውንቶች ቦታቸውን ያዙ።

ሃይቭ ከስቲም ተገንጥሎ የተወለደው ከዚያ ነው፣ ማርች 20። አሁን አንድ ሰው እዚያ ብሎክ እያመረተ እዚህ መጥቶ ድምፅ ስጡኝ ይላል። ይሄ በሁለት ቢላ መብላት ነው። ድምፄን አንስቻለሁ። እናንተም አስቡበት።

መንገደኛ፦
ስሜን ካነሳህ ልመልስ። ሁለቱም ፕሮፋይሌ ላይ ተጽፏል። ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል።

ያ ሁሉ ሲሆን ሁሉም ሰው አልተሻገረም። ለዓመታት አብረውኝ የጻፉ፣ አብረውኝ ኩሬት ያደረጉ (ጥሩ ጽሑፍ እየመረጡ ድምፅ የሰጡ) ሰዎች እዚያው ቀርተዋል። አንዳንዱ መሻገሪያውን አላወቀም፣ አንዳንዱ ጠቡ ሰለቸው። ስቲም ላይ ኖዴን (ሰንሰለቱን የሚያስኬደውን ሰርቨሬን) ብዘጋ ሰን ምንም አይሆንም። የሚጎዱት እነሱ ናቸው። እኔ ሰንን አላገለግልም። ሰዎቹን ነው የማገለግለው።

ሐመልማል፦
መንገደኛ፣ ልፋትህን አከብራለሁ። «አልደበቅኩም» የምትለው ነገር ግን መልስ አይደለም። እዚህ ላይ ልቁም።

ጀስቲን ድሬክና ዳንክራድ ፋይስትን አስታውሱ። ያኔ ኢቴሪየም የተባለው ትልቅ ሰንሰለት ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች ነበሩ። በ2024 ሜይ የአይገን ፋውንዴሽን (አይገንሌየር ከሚባለው ፕሮጀክት ጀርባ ያለው ድርጅት) አማካሪ መሆናቸውንና ቶክን እንደሚያገኙ ራሳቸው ተናገሩ። ድሬክ ቶክኑ ካለው ሌላ ሀብት ሁሉ ሊበልጥ እንደሚችል ሳይቀር ጻፈ። ከዚህ በላይ ግልጽነት ከየት ይመጣል? ታዲያ ጭቅጭቁ በረደ? አልበረደም። ፋውንዴሽኑ የጥቅም ግጭት መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው አለ። ኖቬምበር ላይ ድሬክ ከአማካሪነቱ ለቀቀ፣ ማኅበረሰቡንም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ አማካሪነትም ኢንቨስትመንትም የሴኪውሪቲ ካውንስል (የፕሮጀክት ደኅንነት ቦርድ) ወንበርም አልቀበልም አለ።

ሰውዬው አልደበቀም። ጥያቄው ግን መደበቅ አለመደበቁ አልነበረም። ነገ ኢቴሪየምን የሚነካ ውሳኔ ሲመጣ በየትኛው ኪሱ ያስባል ነው።

ቶማስ_ኖድ፦
ሐሙ፣ ምሳሌው ልክ አይመጣም። አይገንሌየር ኢቴሪየም ላይ የተሠራ ነው እንጂ ተፎካካሪ ሰንሰለት አይደለም። ሌላው፣ የድሬክ ጉዳይ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ነው። ባክአፕ ዊትነስ (ከላይኞቹ 20 ውጭ ያለ ተጠባባቂ) ብሎክ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። የሰርቨር ወጪውን ከሸፈነለት ጥሩ።

ሐመልማል፦
ተፎካካሪ ሳይሆን ይህን ያህል ካስጨነቀ፣ ተፎካካሪ ሲሆንማ እንዴት ይሆናል? ተፎካካሪ ከፈለግክ በ2025 ኦክቶበር ዳንክራድ ወደ ቴምፖ ሄደ። ስትራይፕና ፓራዳይም ያቋቋሙት ሌላ ሰንሰለት ነው። በፋውንዴሽኑ የምርምር አማካሪነቱ ግን ይቀጥላል ተባለ። እሱም አልተደበቀም። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

ቶማስ_ኖድ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንዲህ እያጠርን ከሄድን ማን ከማን ጋር ይነጋገራል?

በ2018 ሴፕቴምበር ቢትኮይን ላይ የተገኘውን ቀዳዳ አስታውሱ። አንድን ኢንፑት (የሚወጣውን ሳንቲም) በአንድ ግብይት ውስጥ ሁለቴ ማውጣት ያስችል ነበር። ማለትም ከምንም ቢትኮይን መፍጠር። ማን አገኘው? አዌማኒ፣ የቢትኮይን ካሽ ዴቨሎፐር። ቢትኮይን ካሽ ገና በ2017 ኦገስት ከቢትኮይን የተገነጠለ ሰንሰለት ነው፣ የሁለቱ ወገን ሰዎችም ሲሰዳደቡ የከረሙ ናቸው። ቢፈልግ ዝም ብሎ ያይ ነበር። እሱ ግን ለቢትኮይን ኮር (የቢትኮይን ዋና ሶፍትዌር) ሰዎች በድብቅ ነገራቸውና ተደፈነ። በዚያው ዓመት ኮሪ ፊልድስ፣ የኮር ዴቨሎፐር፣ ቢትኮይን ካሽን ለሁለት ሊከፍል የሚችል ቀዳዳ አግኝቶ ለእነሱ አሳወቀ። በሁለቱም በኩል አጥር የዘለለ ሰው ነው ያዳናቸው።

ስቲምና ሃይቭ ደግሞ ከአንድ ኮድ የወጡ ናቸው። እዚያ የተገኘ ቀዳዳ እዚህም ሊኖር ይችላል። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ለእኛ ሀብት ነው።

ዘብ፦
ቶማስ፣ ያነሳኸው ነገር የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። አዌማኒ ኮር ውስጥ ወንበር ነበረው? አልነበረውም። ኮሪ ፊልድስ ቢትኮይን ካሽ ላይ ይወስን ነበር? አይወስንም። ከውጭ ሆነው አዩ፣ ለባለቤቱ ተናገሩ፣ በቃ። እኔ ከስቲም ሰው ጋር አትነጋገሩ አላልኩም። ሁለቱም ቤት ቁልፍ አትያዙ ነው ያልኩት።

ዊትነስ ኖድ ብቻ አይደለም የሚያስኬደው። ሃርድ ፎርክ (የሰንሰለቱን ሕግ የሚቀይር የሶፍትዌር ለውጥ) ከ21ዱ፣ ማለትም ከላይኞቹ 20ና ከአንድ ተጠባባቂ፣ 17 ካልተስማሙ አያልፍም። በዚያ ማርች ሁለቱም ወገን 17 መሙላት ስላቃታቸው አይደል የተፋጠጡት? እያንዳንዱ ወንበር ያኔ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የነበረ ያውቃል። የምርጫውን ገጽ በየደቂቃው ሪፍሬሽ እያደረግን ነበር። ከእኛ አንዱ ስም ወደ ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ከእነሱ አንዱ ይገፋዋል። የተኛ ፕሮክሲ (በእነሱ ፈንታ ድምፅ የሚሰጥ ወኪል) ያላቸውን ሰዎች በየቻቱ እየፈለግን «እባክህ ተነሥ፣ ድምፅህን ቀይር» ስንል ነበር።

አስማረ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁለታችሁንም ላያስደስት ይችላል። እኛም ንጹሕ አይደለንም። ሃይቭ ሲጀመር የሰንን ዊትነሶች የመረጡ አካውንቶች የአየር ድሮፕ (ለነባር አካውንቶች በነጻ የታደለ ቶክን) ድርሻቸውን ተከልክለዋል። ሰው በሰጠው ድምፅ ምክንያት ተቀጣ ማለት ነው። አንዳንዱ ነገሩን በደንብ ሳይረዳ የመረጠ ነበር። ስለዚህ ታማኝነት ስንል ትንሽ ዝግ እንበል።

ዘብ፦
አስማረ፣ ሃይቭ አዲስ ሰንሰለት ነው። ያልተሰጠ ነገርና የተወሰደ ነገር አንድ አይደለም። ስቲማቸው እዚያው ስቲም ላይ አለ፣ ማንም አልነካባቸውም። እነሱ ግን ሜይ 20 ላይ ምን አደረጉ? በሃርድ ፎርክ 0.23 ከ64 አካውንቶች 23.6 ሚሊዮን ገደማ ስቲም ወሰዱ። የሰው ገንዘብ። ባለቤቶቹ ቁልፋቸውን ለማንም ሳይሰጡ። ጥፋታቸው ሃይቭን መደገፋቸው ነው። ገንዘቡ የገባበትን አካውንት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ተቆጣጥሮ ለባለቤቶቹ ይመለስ ብሎ ወዲያው ቢትሬክስ ወደተባለው መገበያያ ባይልከው ኖሮ የት ይደርስ ነበር?

ይሄን ካነሳን አይቀር መንገደኛ፣ በቀጥታ ልጠይቅህ። 0.23 ሲመጣ ስቲም ላይ ዊትነስ ነበርክ። ሶፍትዌሩን ጭነሃል ወይስ አልጫንክም?

መንገደኛ፦
ባክአፕ ነበርኩ። ከላይኞቹ 20 ውስጥ አልነበርኩም። የእኔ ድምፅ ከ17ቱ አይቆጠርም።

ሐመልማል፦
ጭነሃል?

መንገደኛ፦
ጭኜያለሁ። ካልጫንኩ ኖዴ ከሰንሰለቱ ይወጣል። በእኔ ኤፒአይ (መተግበሪያዎች ሰንሰለቱን የሚያገኙበት በር) የሚጠቀሙ ሰዎች ነበሩ። 64ቱን አካውንት እኔ አልነካሁም። ተቃውሞዬንም ያኔ ጽፌያለሁ።

ዘብ፦
በቃ፣ የምለው ይኸው ነው። ተቃወምክ፣ ግን ጫንክ። ለምን? እዚያ ያለህ ወንበር እንዳይነቃነቅ። ከ64ቱ አንዱ የቅርብ ወዳጄ ነው። የዓመታት የጽሑፍ ገቢው ነበር እዚያ ያለው። የተቃውሞህን ጽሑፍ ይዞ ምን ያድርግበት?

ልጅ_ኩሬተር፦
ዘብ፣ ሰውን እንዲህ አታሸማቅ። ሊዋሽ ይችል ነበር፣ አልዋሸም። በስንት ቦታ ነው ሰው እንዲህ በግልጽ የሚመልሰው?

እኔም ሁለቱም ላይ ኮሙኒቲ ሞደሬት አደርጋለሁ። አሁን እኔም ከሃዲ ልባል ነው? ኮስሞስ በሚባለው የሰንሰለቶች ስብስብ ላይ አንድ ቫሊዴተር (እንደ ዊትነስ ያለ ብሎክ አምራች) ብዙ ሰንሰለት ይይዛል። ማንም ምንም አይለውም።

ሐመልማል፦
የኮስሞስ ሰንሰለቶች አንዱ የሌላውን ተጠቃሚ ገንዘብ ሊወርስ አልተነሣም። ያንተ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ሞደሬተር ሃርድ ፎርክ አያሳልፍም።

አስማረ፦
ስለ ልጅ_ኩሬተር ካነሳን፣ እኔን የሚያናድደኝ ያ ነው እንጂ የመንገደኛ ኖድ አይደለም። አንዱን ጽሑፍ ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት እዚህ ለጥፎ ሁለቱም ቦታ የሚከፈለው ሰው ሞልቷል። አንተ የምትመራው ኮሙኒቲ ውስጥ ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። ታይቶ ይታለፋል።

ልጅ_ኩሬተር፦
ግማሹ? ቆጥረሃል? የራስን ጽሑፍ ሁለት ቦታ መለጠፍ ስርቆት አይደለም። የደከመበት እሱ ነው።

አስማረ፦
የደከመው አንዴ ነው። ሪዋርድ ፑሉ (ለጽሑፍ የሚከፈልበት ቋት) የሁላችንም ነው። አንባቢው እዚያ አንብቦታል፣ እዚህ አስተያየት የሚሰጥ የለም፣ ድምፁ ግን ይወሰዳል።

ቶማስ_ኖድ፦
ወደ ጉዳዩ እንመለስ እባካችሁ። ዘብ፣ ዳን ላሪመርን ምን ልትለው ነው? ቢትሼርስን ሠራ፣ ስቲምን ሠራ፣ በ2017 ለቀቀና ኢኦስን ሠራ። ቻርልስ ሆስኪንሰን ከኢቴሪየም ወጥቶ ካርዳኖ፣ ጋቪን ዉድ ከኢቴሪየም ወጥቶ ፖልካዶት። ይሄ ዓለም የተሠራው ከአንዱ ወደ ሌላው በሄዱ ሰዎች ነው።

ዘብ፦
ሄዱ። አንተው ነህ ያልከው። ላሪመር ስቲምን ለቀቀ፣ ከዚያ ኢኦስ። የሄደ ሰው ላይ አንድ ቃል የለኝም። መንገደኛ ዛሬ ስቲም ይሻለኛል ብሎ ቢሄድ እሸኘዋለሁ።

ሐመልማል፦
እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ ከተመለሰልኝ ድምፄን አላነሳም። ቶማስ እንዳለው ኮዱ አንድ ነው። መንገደኛ፣ ነገ ሁለቱም ላይ ያለ ቀዳዳ ብታገኝ መጀመሪያ ለማን ትናገራለህ?

መንገደኛ፦
ለሁለቱም እኩል። በአንድ ሰዓት።

ሐመልማል፦
በአንድ ሰዓት ብትልክ በአንድ ሰዓት አይደፈንም። አንደኛው ቀድሞ ከደፈነ የጥገናው ኮድ ለሁሉም ይታያል። ያን ያየ ሰው ገና ባልደፈነው ላይ ይዘምታል። ብሎክ በየ3 ሰከንዱ ነው። ስለዚህ አንደኛውን መጠበቅ ይኖርብሃል። ማንን ታስጠብቃለህ? በ2020 የሰው ገንዘብ የወሰደውን ወገን እስኪዘጋጅ እኛን ታስጠብቀናለህ?

መንገደኛ፦
እዚያ ያሉት ተጠቃሚዎች ገንዘብ አልወሰዱም። ሐመልማል፣ የእነሱ ዋሌት ባዶ ቢሆን ደስ ይልሻል?

ሐመልማል፦
አይለኝም። ግን የእኛን አደራ የተቀበለ ሰው እያለ እነሱን ሌላ ሰው ይጠብቃቸው ነው የምለው። እንደመለስክልኝ አልቆጠርኩትም።

ቶማስ_ኖድ፦
እኔ ተመልሶልኛል። እኩል አያለሁ ያለ ሰው ነው የምፈልገው። ካሉኝ 30 ድምፆች አንዱን አሁን ሰጥቼዋለሁ።

አስማረ፦
ሌላ መንገድ አለ። ሃይቭ ላይ አዲስ ፓወር አፕ የሆነ ስቴክ 30 ቀን ሳይሞላው ዊትነስ መምረጥ አይችልም። ያ ሕግ ማርች 2 ያስተማረን ነው። ሁለት ቦታ ለሚሠሩም ሕግ እናውጣ። ባክአፕ ይሁኑ፣ ከ20ው ውስጥ ግን አይግቡ።

ዘብ፦
ማን ያስከብረዋል? ሰንሰለቱ የሚያየው አካውንት ነው። ነገ በሌላ ስም ይከፍታል። ያኔ «አልደበቅኩም» እንኳ አይኖርም።

ልጅ_ኩሬተር፦
ራስህ መለስከው። ግልጽ የሆነውን ስታባርር የሚቀርልህ የተደበቀው ነው።

ዘብ፦
አላባረርኩም። ድምፄን ነው ያነሳሁት። መንገደኛ፣ ፕሮክሲ የሰጡህ ሰዎች አሉ። 0.23ን መጫንህን ያውቃሉ? ፕሮፋይልህ ላይ እሱም ይጻፍ።

መንገደኛ፦
እጽፈዋለሁ። ሁለቱንም ኖድ ግን አልዘጋም።

አስማረ፦
ልጅ_ኩሬተር፣ የኮሙኒቲህን የሳምንቱን ዝርዝር አውጥቼዋለሁ። ና እንቁጠር።