የሰዓት ዕቃ ከውጭ ስታዝዙ ጀርባዋን ገልብጡ

ሰላም ወገን፣ ባለፈው ከውጭ የሰዓት ዕቃ ማዘዝ ይቻላል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁ፣ ይቻላል፣ እኔ ግን ከስሬ ነው የገባኝ። ፍራንክፈርት 14 ዓመት ኖሬ ተጠቅልዬ ገብቼ አሁን ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ከአባቴ ጋር ነኝ። አባቴ አክስቴ ጅዳ እያለች የላከችለት ሴይኮ 5 አለችው፣ ባትሪ የሌላት፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ራሷን የምትሞላዋ። መስታወቷ ተሰነጠቀ፣ ጎኗ ላይ ያለችው መሙያ ወልቃ ጠፋች፣ ውሃ ገባና ቆመች። እኔ ደግሞ የሰለጠንኩ መስሎኝ ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ገብቼ "ለሴይኮ 5 የሚሆን" የሚል ፎቶ አይቼ ከፈልኩ። መጣ፣ አልገባም። ለካ ሴይኮ 5 ማለት ቶዮታ እንደማለት ነው፣ የቱ ቶዮታ?

አንድ የድሮ ሰዓት ሰሪ አሉ ፒያሳ፣ 2016 ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቃቸውም አብሮ ሄዶ አሁን አንድ ህንጻ ደረጃ ስር ጠረጴዛ ይዘው ነው የሚሰሩት፣ እሳቸው ጋ ወሰድኳት። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ገለበጧትና "ልጄ፣ ቁጥሯን ሳታይ ነው ያዘዝከው?" አሉኝ። በቃ ነገሩ ይቺው ናት። ጀርባዋ ላይ አራት ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዛ ሌላ አራት አለ። ፊተኞቹ አራቱ የማሽኑ ናቸው፣ ኋለኞቹ የቀፎው። ስለዚህ ሞላም ጥርስም ከፈለጋችሁ ፊተኞቹን ነው የምትፈልጉት፣ መስታወትና ጎሚኒ ከሆነ ግን ሙሉውን ቁጥር፣ ያም ሆኖ መስታወቱን በካሊፐር፣ ማለትም በሚሊ መለኪያው ለኩ፣ ግማሽ ሚሊ ከበለጠ አይገባም። የአባቴ 7009 ናት፣ ባለ 17 ድንጋይ (ውስጧ ጥርሶቹ የሚዞሩባቸው ጥቃቅን ድንጋዮች ናቸው)፣ እኔ ያዘዝኩት ደግሞ 7ኤስ26 የሚባለው የሌላ የሴይኮ ማሽን ነበር፣ እሱ ባለ 21 ድንጋይ ነው፣ ዘመኑም ሌላ። ዕድሜዋን ማወቅ የፈለገ ለብቻው ያለውን ረጅሙን ቁጥር ይይ፣ የመጀመሪያው ዓመቱ የሚያልቅበት ነው፣ ሁለተኛው ወሩ። 4 ከሆነ ለምሳሌ 1974 ወይ 1984 ሊሆን ይችላል በፈረንጅ፣ አስርቱን ከማሽኑ ነው የምትገምቱት።

ሁለተኛው ምክራቸው ደግሞ እኔ በራሴ በጭራሽ የማላስበው ነው፣ ዕቃ ዕቃውን አትልቀም፣ ያው ማሽን ያላት የሞተች ሰዓት ግዛና አርደን እንጠቀምባታለን አሉኝ። እውነትም ጃፓን ያለ ሻጭ ጋር "አትሰራም" ተብላ የተለጠፈች 7009 አገኘሁ፣ ዋጋዋ መሙያና መስታወት ለየብቻ ከምገዛው ያንሳል። ህንድ የሚሸጡትን ግን ተጠንቀቁ፣ ፊታቸው እንደገና የተቀባ፣ ከሶስት ከአራት ሰዓት የተለቃቀመ ብዙ አለ፣ አዲስ የመሰለ ቀለም ያለው የ40 ዓመት ሰዓት ካያችሁ እለፉት።

ክፍያው ራስ ምታት ነው፣ እዚህ ባለ ካርድ ውጭ መክፈል ቀላል አይደለም፣ ያውም ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 የነበረው ዶላር ከ100 ካለፈ በኋላ "ርካሽ ነው" የምትለው ሁሉ አያስችልም። የአጎቴ ልጅ ፍራንክፈርት ሆኖ ከፈለልኝ። በቀጥታ እዚህ የምታስልኩ ከሆነ በፖስታ ሳጥን ቁጥር አድርጉት እንጂ የቤት አድራሻ አትመኑ፣ ፎርሙ የግድ ዚፕ ኮድ ካለ ለአዲስ አበባ 1000 ይጻፋል፣ ስልክ ቁጥር አትርሱ። መከታተያ ቁጥር የሌለው ነገር በጭራሽ። የመጀመሪያው የኔ ዕቃ ያለ ቁጥር የተላከ ስለነበር ቸርችል ጎዳና ፖስታ ቤት ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ሁለተኛዋን የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ይዟት መጣ፣ ከዛ የተሻለ ፖስታ አላየሁም።

ከሜሪላንድ፦ ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ፣ የሟች አባቴ ኦሜጋ ነው ያለኝ፣ እዚህ ሰዓት ሰሪው ዕቃ የለም ብሎ መለሰኝ፣ እንደ አንተ ከኢንተርኔት ላገኝ እችላለሁ?

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ስዊሶቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ኦሜጋ ስዋች ግሩፕ የሚባለው የስዊስ ድርጅት ነው፣ እነሱ ደግሞ በፈረንጅ 2015 መጨረሻ ላይ ለዕቃ ነጋዴዎች መሸጥ አቁመዋል፣ ሰዓት ሰሪሽ ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል። ነጋዴ መደርደሪያ ላይ የቀረ አሮጌ ዕቃ ፈልጊ፣ ወይ የኔን ዘዴ፣ የሞተች ሰዓት። ግን ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታይ ሳንቲም እንዳትከፍይ፣ የኦሜጋ ብዙ ጊዜ ውስጡ ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ ሰዓት ሰሪው ይክፈተውና ፎቶ አንሺ፣ በቢላ እንዳትሞክሪው።

የአባቴ ሰዓት ትሰራለች አሁን። የቀኑ ስም ያለበት ክብ ጥርሱ ተሰብሮ ስለነበር የጃፓኗን ገጠሙላት፣ ሴይኮ ደግሞ ቀኑን በሁለት ቋንቋ ነው የሚጽፈው፣ የድሮው እንግሊዝኛና አረብኛ ነበር፣ ይሄኛው እንግሊዝኛና ጃፓንኛ። አባቴ ሰዓቷን በኛ አቆጣጠር ነው የሚሞላት፣ ስለዚህ ቀኗ የምትዞረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሆነ፣ ስትዞር ሁለተኛውን ቋንቋ አልፋ ነው የምትሄደው፣ ሁለት ሶስት ሰዓት ትቆይበታለች። ገና በመጀመሪያው ጠዋት ከኪዳን ሲመለስ በር ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋልኝ፣ "አንተ፣ ይቺ ሰዓት ድሮ ጠዋት ጠዋት አረብኛ ነበር የምታወራው፣ ምን አስተማርካት?"