ለሳንባና ለኩላሊት ሕመምተኛ ፊዚዮቴራፒ ቅንጦት ነውን?

የደነባ ልጅ፦ ትናንት እናቴን ለሳንባ ክትትል ይዣት ሄጄ ነበር። ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴና በአተነፋፈስ ልምምድ የሚሰጠው ሕክምና፣ ይታዘዝላት ብል ባለሙያው «እሱ ቅንጦት ነው፤ ይልቅ ትረፍ» አለኝ። እናቴ ሲጋራ በአፏ አልዞረም፤ ሳንባዋን የበላው የአርባ ዓመት የኩበት ጭስ ነው። ከምድጃው እስከ አጥሩ በር ለመድረስ ሁለት ጊዜ ትቆማለች። ከዚህ በላይ ምን ትረፍ?

መንዜው፦ እህቴ፣ እናትሽን ይማርልሽ። ባለሙያው ግን አልተሳሳተም። ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ የሳንባ መድኃኒት) መግዣ ያጣ ሰው ከመንዝ መሐል ሜዳ በሳምንት ሁለት ቀን ለስፖርት ደብረ ብርሃን ይመላለስ? ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? ቅንጦት ማለት ይኸው ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ስፖርት አይደለም፣ ሕክምና ነው! በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 65 ጥናቶችንና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን 3,822 ሰዎች አይቶ፣ በዚህ ሕክምና የትንፋሽ ማጠርም ድካምም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የተጎዳው ሳንባ አይታደስም፤ የጠነከረ እግር ግን ለዚያው ሥራ ትንሽ አየር ይበቃዋል። «ትረፍ» የተባለ ሰው እግሩ ይሟሽሻል፣ ትንፋሹም ይብስበታል።

መንዜው፦ ጥናቶቹ የደብረ ብርሃንን አየር ያውቁታል? እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እዚሁ ይጠና የምንለውም ለዚሁ ነው። ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ አድርገን፣ ሲወርድ እያሳረፍን እናስኬዳለን። ከፍታው ለጥንቃቄ እንጂ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

ባለ እጥበቱ፦ እኔ የኩላሊት ሕመምተኛ ነኝ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ደሜን በማሽን አራት ሰዓት እታጠባለሁ፤ ስመለስ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። እኔንም «ረፍ» ነው ያሉኝ። ጣሊያን ውስጥ 296 የእጥበት ሕመምተኞች የተካተቱበት ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በየቤታቸው ለስድስት ወር እንዲራመዱ የተደረጉት፣ በስድስት ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት ከ328 ወደ 367 ሜትር አድጓል። የስፖርት ማሽንም አላስፈለጋቸውም።

መንዜው፦ ስድስት ወር ለ39 ሜትር?

ባለ እጥበቱ፦ ወንድሜ፣ 39 ሜትር ከአልጋዬ እስከ ግቢው ቧንቧ ነው። ውኃዬን ራሴ መቅዳትና ልጄን ቅጂልኝ ማለት ለእኔ አንድ አይደለም።

የጣርማበሩ፦ ገበሬን ተራመድ ትሉታላችሁ? ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ሲወርድ የሚውል ሕዝብ ነው።

የደነባ ልጅ፦ ጤነኛው ነዋ የሚወጣው! እናቴ ዳገት ካየች ሦስት ዓመት ሆናት።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እናትሽ ከንፈራቸውን ሻማ እንደሚያጠፉ አሹለው አየሩን በቀስታ እንዲያወጡ አሳዪያቸው፤ ሲያስወጡ፣ ለማስገባት ከፈጁት ጊዜ ሁለት እጥፍ ይቆዩ። ከመራመድ በፊት ግን ሐኪም ልባቸውን ይይላቸው።

የደነባ ልጅ፦ ይህን ለመናገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ ቅንጦቱ የቱ ላይ ነው? ለምን እዚያው አልነገሩንም?

መንዜው፦ እሱስ ይነገር። የትራንስፖርቱን ጥያቄ ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።