ማህፀኗ ከወጣ 9ኛ ቀኗ ነው፤ ስፌቱ ያዣል፣ እሷም ሆድ ይብሳታል

የከዚራ ልጅ፦
ታላቅ እህቴ በማዮማ (የማህፀን እጢ) ምክንያት ሆዷ ተከፍቶ ማህፀኗ ወጣ፤ ሁለቱም ኦቫሪዎቿ (የእንቁላል ማምረቻዎቿ) አብረው ወጥተዋል። ስኳር አለባት። የስፌቱ አንድ ጫፍ ረጥቧል። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፤ ቤተሰቡ «የድሬ ሙቀት ነው» ይላል። ቀን ደግሞ ዝም ብላ ታለቅሳለች። ምን እናድርግላት?

ሲስተር፣ ድሬዳዋ፦
ላቡን በሙቀት አታሳቡ፣ ቴርሞሜትር ይፍረደው፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ፈሳሹን በነጭ ጎዝ ነክታችሁ እዩት። ጥቂት፣ ቢጫማና ሽታ የሌለው ከሆነ ከቆዳው ሥር የተጠራቀመ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ሐኪም ይየው። ወፍሮ ከሸተተ፣ ዙሪያውም ከቀላና ከጋለ መግል ይዟል። ስኳር ከፍ ሲል ሰውነት ተህዋሲያንን የመከላከል አቅሙ ይደክማል፤ ዛሬውኑ ለኩላት።

ድንገት የሥጋ እጣቢ የመሰለ ብዙ ውሃ ከፈሰሰ የውስጡ ስፌት ተለቆ ይሆናል። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ጉልበቷን አጥፋ በጀርባዋ ተኝታ፣ ድል ጮራ ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል አድርሷት። አንጀት ብቅ ቢል ወደ ውስጥ አትግፉ።

ቅቤም የቡና ዱቄትም አትቀቡ፤ አልኮል አዲሱን ሥጋ ያቃጥላል። ላብ በሆድ እጥፋት ሥር ስለሚቆይ ቦታው ደረቅ ይሁን። ላስቲክ ያለው ቀሚስ ትታ ድሪያ (ስስ ሰፊ ቀሚስ) ትልበስ።

ጤና መኮንን፣ ሐረር፦
ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ለ6 ሳምንት ያህል ከ4 ወይም 5 ኪሎ በላይ አታንሳ። በርጫውም (ጫት መቃሙም) ይቅርባት፦ ጫት ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ስታምጥ ስፌቱ ይወጠራል። ፉል፣ ምስር፣ እንቁላል ትብላ።

የሥነ አእምሮ ነርስ፦
ለቅሶዋን አታቃልሉት። ኦቫሪ ሲወጣ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ ከደረት ወደ ፊት የሚወጣ ወበቅ፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትና ብስጭት ያመጣል። ቴርሞሜትሩ ላይ ትኩሳት ከሌለ ላቡ ከዚህ ሊሆን ይችላል። የሆርሞን ሕክምና አለ፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ካላት ግን አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። «ልጆች አሉሽ፣ ምን ጎደለብሽ?» አትበሏት፤ ያዘነችበትን ትናገር፣ እናንተ ስሙ። ግንኙነት በብልቷ ውስጥ ያለው ስፌት ታይቶ እስኪፈቀድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ይቆይ፤ ይህን ለባሏ በግልጽ ንገሩት። ሐዘኑ በየቀኑ እየመጣ 2 ሳምንት ከዘለቀ ሕክምና ይፈልጋል። መሞትን ካነሳች ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ውሰዷት።

የከዚራ ልጅ፦
ለካናት፣ 38.4 ነው። ጎዙም ይሸታል።

ሲስተር፣ ድሬዳዋ፦
አሁኑኑ ውሰዷት። አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አታስጀምሯት፤ መግሉ ተከፍቶ መውጣት ሊኖርበት ይችላል፣ ናሙናም የሚወሰድ ከሆነ ከአንቲባዮቲኩ በፊት ነው። የመውጫ ወረቀቷንና የስኳር መድኃኒቷን ያዙ።